የጨዋታ ደንብ ከነሥዕሉ

የአገሩን ስም የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ስሙን ለማጽደቅ የተሰየመው ጉባኤ ሥራውን ስላልጨረሰ ነው። እስከዚያው እኛ ውስጡ ያለነው «እዚህ» እንለዋለን፣ የወጡት «እዚያ» ይሉታል፤ ደብዳቤም በዚሁ አድራሻ ይደርሳል፣ ዘግይቶም ቢሆን።

እዚህ አንድ ልማድ አለ፦ ሥዕል የሌለው ሕግ አይጸናም። ነገሩን የጀመሩት በአያቶቻችን ዘመን የነበሩ አንድ አለቃ ናቸው ይባላል። አለቃው ማንበብ አይችሉም፤ አለመቻላቸውንም ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ስለዚህ የመጣላቸውን ሕግ ሁሉ «ሥዕሉ የታለ?» እያሉ ይመልሱት ነበር። አለቃው ሞቱ፣ ጥያቄያቸው ግን ከኛ ጋር ኖረ። ዛሬ የግብር ሕጋችን ላይ ላም አለች፣ የጋብቻ ሕጋችን ላይ ወንበር አለ። ለምን ወንበር እንደሆነ የሕግ ተማሪዎች አራት ዓመት ሙሉ ይማሩታል። እኔም ተምሬዋለሁ። አልገባኝም፤ በማዕረግ ግን ተመርቄያለሁ።

የተገላቢጦሹም ያው ነው። ቁጥር ያለው፣ ሥዕል ያለው፣ የታተመ ነገር ሁሉ እዚህ ሕግ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ሰው ግን የሚያውቀውን ሁሉ ሁልጊዜ አያስታውስም፣ በተለይ ስንዱ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እርሳስ ስትቀርጽ።

እኔ በበኩሌ ሕግ ላወጣ አልተነሳሁም። የሰሌዳ ጨዋታ ነበር የፈጠርኩት። ስሙ «ማዶ» ነው። በሰሌዳው መሐል ወንዝ ያልፋል። ወዲህ ማዶ ጠጠሮች አሉ፣ ወዲያ ማዶም እንዲሁ። ተጫዋቾቹ ሁለት ናቸው፤ አራት ዛጎል በየተራ ይጥላሉ። አፋቸውን ወደ ላይ አድርገው የወደቁት ይቆጠሩና ጠጠሩ ያንኑ ያህል ቤት ይሄዳል። ቤት የምለው ሰሌዳው ላይ የተሰመረውን ሳጥን ነው። ይህን አሁን የማስረዳው ያኔ ስላላስረዳሁት ነው። ወንዝ ውስጥ የገባ ጠጠር ከወዲያ ማዶ ሌላ ጠጠር መጥቶ እስኪያወጣው ድረስ እዚያው ይቆማል። በማዶ ጨዋታ መብላት የለም፣ ማባረር የለም።

ያየው ሰው ሁሉ «ታዲያ ማን ነው የሚያሸንፈው?» ይለኛል።

«ይገናኛሉ» እላለሁ።

«ተገናኝተውስ?»

እዚያ ላይ ዛጎሎቹን መሰብሰብ እጀምራለሁ።

ሠዓሊ ያስፈልገኝ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሠዓሊ ማለት የሕግ ሠዓሊ ማለት ነው። ስንዱን የጠቆሙኝ አከራዬ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። «ያቺን የግብሯን ላም የሳለችውን ልጅ ለምን አትጠራትም?» አሉኝ። «እኔ ግብሩን ባልወደውም ላሟን እወዳታለሁ። ዓይኗ ያሳዝናል፤ የሚመጣባትን ያወቀች ነው የምትመስለው።»

ስንዱ መጣች። እጅጌዋን እስከ ክንዷ ሰብስባ፣ ቀልድ ሳይጨርሱት የምትስቅ፣ ሲጨርሱት ደግሞ «ይኼው ነው?» የምትል ሴት ናት። ወንበር ላይ ስትቀመጥ በግማሽ ጎኗ ነው፣ ሊጠሯት እንደሚችሉ ሁሉ።

«ልንገርህ» አለችኝ ገና ከመቀመጧ፣ «ይኼ የመጨረሻው ትንሽ ሥዕሌ ነው። መዳፍ የምታህል ላም፣ መዳፍ የምታህል ወንበር፣ መዳፍ የምታህል እስር ቤት ስስል እጄ ጠበበኝ።»

እውነቷን ነው። ማኅተም ከሥዕል ማነስ የለበትም ተብሎ ስለተደነገገ የሕግ ሥዕል ከመዳፍ አይበልጥም። (ይህም ሕግ ሥዕል አለው፤ መዳፍ ነው።)

«ጨው ወደብ ያሉ ሰዎች የዓሣ ገበያቸውን ግድግዳ እንድስልላቸው ጠርተውኛል» አለች። «ባዶ ግድግዳ ነው። ፈረስ ከዚህ ጫፍ ተነስቶ እዚያ ጫፍ እስኪደርስ ያልበዋል አሉኝ። ጨው ነጋዴዎቹ ዝናብ ሳይጥል ሲመለሱ አብሬ እወርዳለሁ። እስከዚያ ያንተን ጨርሼ እሰጥሃለሁ፣ ያልቃል?»

«ያልቃል» አልኳት። ያኔ እውነቴን ነበር።

የደንብ መጽሐፍ ማዘጋጀት እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ጨዋታውን የፈጠረው ሰው አንባቢው ትከሻ ላይ ቆሞ «አይደለም፣ እንዲህ ነው» ሊል አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉ ራሱ መናገር አለበት። በግራ ከመሄዱ በፊት ያለው፣ በቀኝ ከሄደ በኋላ ያለው፣ በመሐል ቀስት እናድርግ አልኩ። ስንዱ ቀስት አትወድም።

«ቀስት የሰነፍ ሠዓሊ ምላስ ነው» አለች። «እጅ ይሻላል። ሰው እጅ ሲያይ የራሱ ይመስለዋል። በል እጅህን ስጠኝ።»

ሰጠኋት።

«ጠጠሩን ያዘው። አይ፣ እንደሱ አይደለም፤ ጣትህን ላላ አድርገው። ጠጠር እኮ ነው የያዝከው፣ ሥልጣን አይደለም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጽሐፉ ውስጥ ያለው እጅ ሁሉ የኔ ነው። ዛጎል የሚጥለው፣ የሚቆጥረው፣ ጠጠር ከወንዝ የሚያወጣው። እሷ ትስላለች፣ እኔ እጄን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፤ ሲደነዝዘኝም አልናገርም። አንዳንዴ ጥፍሬ ላይ ያለውን ጥላ ለማየት ጎንበስ ስትል ትንፋሿ አንጓዬን ይነካዋል። የሕግ ትምህርት ስለዚህ ምንም አይልም።

ጠጠሩ ሁሉ ተሳለ፣ ደንቡ አለቀ። እርሳሷን ወደ ከረጢቷ ስትመልስ አየሁና አፌ «አንድ ቀርቷል» አለ።

«ምን?»

«ተጫዋቿ ብታነጥስስ?»

«ይማርሽ ይሏታላ!»

«ዛጎሉ በማነጠሷ ቢገለበጥስ? ደንብ ያስፈልገዋል። ካነጠስሽ ከመጀመሪያ ጀምሪ።»

ሳቀች፤ ሳለችው። የሚያነጥስ ሰው መሳል እንዴት ከባድ እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅኩት። ፊቱ የሚያለቅስ እንዳይመስል አንድ ሳምንት ፈጀባት። ሳምንቱ ጥሩ ሳምንት ነበር።

በማግስቱ ደግሞ አንድ ቀርቶ ተገኘ። ተራዋ ሳይደርስ የምትናገር ብትኖርስ? ቀጥሎም ጠጠሯን ነክታ ሐሳቧን የምትቀይር ብትኖርስ? በሰሌዳው ላይ ፍየል ብታልፍስ?

«በስንት ሰው ቤት ነው ሰሌዳ ላይ ፍየል የሚያልፈው?» አለች ስንዱ።

«አንድ ቤት ቢሆንስ? ለዚያ ሰው ምን እንመልስለታለን?»

ፍየሏንም ሳለቻት። ፍየሏ እኔን እያየች ነበር፤ ሁሉንም የምታውቅ ፍየል።

የመጽሐፉን ረቂቅ ለመፈተን እትዬ ጥሩወርቅ ከስንዱ ጋር ተጫወቱ። ደንቡ እንዲህ ነው የሚፈተነው፤ ያላወቀ ሰው መጽሐፉን ብቻ ይዞ ይጫወታል፣ የጻፈው ሰው አፉን ይዞ ያያል። እትዬ ጥሩወርቅ ማንበብ ይችላሉ፤ ሥዕሉን ብቻ ግን ያያሉ፤ እንደ አገራቸው ልጅ። ወንዙን ተሻገሩ፣ ወጡ፣ ወረዱ፣ ፀሐይ ዞረች።

«ልጄ፣ ሸጋ ነገር ነው የሠራኸው» አሉኝ። «መቼ ነው ግን የሚያልቀው?»

ስንዱ ቀና ብላ አየችኝ።

«ይቀጥላል» አልኩ።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ስንዱ ረቂቁን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። «ቆይ እስቲ ናሁ» አለችኝ፣ ናሁሰናይ የሚለውን ስሜን አሳጥራ። « ይኼ ሁሉ ደንብ ለምንድነው በሴት አንቀጽ የተጻፈው? ጣይ፣ ቁጠሪ፣ ጠብቂ፣ ወንዙ ከሞላ አትሂጂ...»

አየሁት። እውነት ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም «ጣል»፣ አንድም «ይጣሉ» የለበትም። ስጽፍ ለሕዝብ የምጽፍ መስሎኝ ነበር።

«ለእኩልነት ነው» አልኩ።

«እኩልነት ማናት? አውቃታለሁ?»

የተበተነውን ጠጠር መልቀም ጀመርኩ። እሷም እርሳሷን አንስታ አየችኝ፤ ከዚያ የፍየሏን ቀንድ ማጥቆር ቀጠለች።

ማተሚያ ቤቱ ለናሙና ያህል ጥቂት አተመ። ከታተመ ነገር ሁሉ አንዱ ለሚመለከተው ሹም ይሄዳል፤ ደንብ ነው። የሚመለከተው ሹም ሊቀ ጨዋታ ጓንጉል ሆነው ተገኙ። ሊቀ ጨዋታ የሚባለው ሹመት ሰው ከሰው ሲጫወት፣ ማለትም ሲያወራ፣ ነገር እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ነው። ሹመቱ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ማኅተሙ አለ፤ ደንብ ብቻ አልነበረውም። ሰውየው ዕድሜያቸውን ደንብ ሲጠብቁ የኖሩ ናቸው። አንድ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ «የጨዋታ ደንብ» የሚል፣ ቁጥር ያለው፣ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ተቀምጦ አገኙ። አለቀሱ አሉ።

በበነጋው አዋጅ ተነገረ፦ ከነገ ወዲያ ጀምሮ በዚህ አገር ማንኛውም ጨዋታ በደንቡ መሠረት ይካሄዳል።

ላስረዳ ሄድኩ። ሊቀ ጨዋታ ጢማቸው ረዥም፣ ንግግራቸው ከጢማቸው የሚረዝም ሰው ናቸው። መጽሐፌን እንደ ዳዊት ዘርግተውታል።

«አንቺ ነሽ ናሁሰናይ?» አሉኝ።

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ...»

«‹አንቺ› በይኝ። ደንቡ ጣይ ነው የሚለው። በጨዋታ ላይ ሁሉም አንቺ ነው። አልዋሽሽም፣ ዕድሜ ልኬን እርስዎ ስባል ኖሬ መጀመሪያ ትንሽ ከበደኝ። አሁን ግን ወገቤን ሳይቀር ቀለል ብሎኛል።»

«አንቺ ሊቀ ጨዋታ» አልኩ፣ ምላሴ እየተያያዘ፣ «ይህ እኮ የጠጠር...»

«ዛጎል ሳትጥይ ትናገሪያለሽ? የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ! ዛሬ ልምምድ ስለሆነ አልቀጣሽም። ጣይ።»

ጣልኩ። አራቱም በአፋቸው ተደፉ።

«ዝም በይ» አሉኝ በደስታ። ከዚያ እሳቸው ጣሉ፤ ሦስት ወጣላቸው። ባርኔጣቸውን አነሱ። «ሦስት ቤት። ነይ እንሂድ።»

ከቢሮው ወጥተን፣ ሁለት ቤት አልፈን፣ ሦስተኛው ቤት ገባን። አንድ ልብስ ሰፊ ምሳ እየበላ ነበር። ሊቀ ጨዋታ አልጋው ላይ ቁጭ አሉና «ምን ልትይኝ ነበር?» አሉኝ። ዛጎል ጣልኩ፤ አንድ። አንድ ቤት ሄድን። እንዲህ እያልን «የጠጠር ጨዋታ ነው» የምትለውን አጭር ቃል ሳልጨርሳት የከተማው ዳር ደረስን። ልጨርሳት ስል እሳቸው አነጠሱ።

«ይማርሽ» አልኩ።

«ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ከመጀመሪያ።»

አውቀው ነበር። በመጨረሻ ሊቀ ጨዋታ ደከማቸውና የማለቂያውን ደንብ ፍለጋ መጽሐፉን ገለጡ። ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡት። ፍየሏ ላይ ትንሽ ቆዩ።

«አያልቅም ማለት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ በአክብሮት። «ጥልቅ ነገር ነው የጻፍሽው።» ቀኑ የልምምድ ስለነበረ ተለያየን።

አዋጁ የጸና ዕለት ጠዋት ስንዱ መጣች። ከረጢቷ በትከሻዋ ነው፤ ጫማዋ የመንገድ ጫማ ነው። ጨው ነጋዴዎቹ በቅሎ እየጫኑ ነበር። ልትሰናበተኝ እንደመጣች አየሁ። አዋጁን እሷ አልሰማችም፤ ግድግዳ የሚያስብ ሰው አዋጅ አይሰማም። እኔ ሰምቻለሁ።

«እንዴት አደርሽ?» አልኳት።

ይህን ማለት ነውር አይደለም። የሠለጠነ ሰው ሁሉ ይለዋል።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንተስ?» አለችኝ፤ ጨዋታው ተጀመረ።

በከተማው በር ላይ የቆሙት ዘበኞች የሚወጣውን ሁሉ «ጨዋታሽን ጨርሰሻል?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ስንዱ ሄደች፣ ተጠየቀች፣ አልዋሸችም፣ ተመለሰች። ከረጢቷን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ዛጎሉን ወደሷ ገፋሁት።

«አልጥልም» የሚል ዓይን አሳየችኝ። ያልጣለች አትናገርም። እንዲህ ሆነን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ስመኘው የኖርኩት ነገር ሁሉ ሆነልኝ፤ ስንዱ ቤቴ ናት፣ መሄድ አትችልም፣ ሕግም ከኔ ጋር ነው።

በመስኮት ከተማውን አይ ነበር። ሰላም ለመባባል የተገናኙ ሰዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። ባልና ሚስት ስለ ምሳ ተነጋግረው ሌላ ሰፈር ደርሰዋል። ዳኞችና ተከሳሾች የማያውቁት ሰው ጓዳ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንዙ ዳር ደግሞ የተከበሩ ሽማግሌዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ውኃ ውስጥ ቆመዋል፤ ከማዶ የሚደርስላቸው እየጠበቁ። ለቅሶ ሊደርሱ የሄዱ ለቅሶ ቤት ቀሩ። ሐዘንተኛዋ ሐዘኗ ወጥቶላት መሳቅ ጀምራለች፤ እነሱ ግን መሄድ አይችሉም።

በሬ ተከፈተና እትዬ ጥሩወርቅ አንዲት ሴት አስከትለው ገቡ።

«አንቺ ናሁሰናይ፣ ይቅር በይኝ» አሉኝ። «ሦስት ወጥቶልኝ ነው፤ ሦስተኛው ቤት ያንቺ ሆነ። ይቺ የቀድሞ ባሌ እህት ናት።»

«በበር ሳልፍ ደህና ነሽ ወይ ብያት ነው» አለች ሴትየዋ።

«እኔም ምነው ዝም ባልኳት! ሃያ ዓመት ዝም ስላት ኖሬ።»

ዛጎል ጣሉ፤ ሁለት። ወጡ። ከደጅ «አንቺ ደግሞ እግርሽን አንሺ!» ሲባል ተሰማ፤ የትኛዋ እንዳለችው አልለየሁም።

ስንዱ ተነሳች። ከምድጃው ከሰል አነሳችና ከአልጋዬ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ መሳል ጀመረች። ፈረስ ነበር። ከኋላ እግሩ ነው የጀመረችው። ክንዷ ከትከሻዋ ተነስቶ ሲሄድ አይቼ አላውቅም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ያየሁት አንጓዋን ብቻ ነው። እግሩ ጭን አወጣ፣ ጭኑ ከፍ አለ፣ ጣራው ጋ ደረሰ፤ ግድግዳው አለቀ። ቤቴ ለአንድ የኋላ እግር ብቻ በቃ። ከሰሉን እንደያዘች ጥግ ላይ ቆመች፤ የጎደለው ፈረስ በጡብ ውስጥ አልፎ ወደ ወዲያኛው ወገን ሲሄድ የምታየው ትመስል ነበር።

እኔ የማየው እሷን ነው። ከፊቴ ቆማለች፣ አራት እርምጃ አትርቅም። እንደዚያን ቀን ናፍቃኝ አታውቅም።

እንደገና በሩ ተንኳኳ። ሊቀ ጨዋታ ናቸው። ጢማቸው አቧራ ለብሷል። ኋላቸው አንድ ቀጭን ሰውዬ ቆሟል።

«እባክሽ» አሉኝ፤ ዛጎል መጣሉን ትተውታል። «እባክሽ የማለቂያውን ጻፊው። ከቤቴ ከወጣሁ መቼ እንደሆነ ጠፍቶኛል።»

«ይህ ሰውዬ ማነው?»

«አላውቀውም። ስንት ሰዓት ነው ብሎ ጠይቆኝ ነው።»

«ነግረውኝም ነበር» አለ ሰውየው በትህትና። «አሁን ሌላ ሰዓት ሆኗል እንጂ።»

«ዝም ብላችሁ ለምን አትለያዩም?» አልኩ።

ሊቀ ጨዋታ በድንጋጤ አዩኝ። «ያለ ደንብ? እኔ? ሊቀ ጨዋታ?» ድምፃቸው ተሰበረ። «ድሮ እንዴት ነበር የምንለያየው? አንድ የምንለው ነገር ነበር። ደንብ ስላልነበረው ሰረዝነው፣ አሁን ከአፌም ጠፋብኝ። ጻፊልን። ሥዕሉን ግን እንዳትረሺ፤ ያለ ሥዕል ማኅተም አላደርግም።»

ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሊጠብቁ።

ስንዱ ዞረች። «ናሁ» አለችኝ፣ ዛጎል ሳትጥል።

«ወዬ።»

«ዝናብ ሸትቷል። የነጋዴዎቹ በቅሎዎች በሩ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ካልወጡ ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ይዘጋል። ጻፈው።»

«ከጻፍኩት ትሄጃለሽ።»

«እሄዳለሁ።»

«ባልጽፈውስ?»

«እዚህ እቀመጣለሁ፣ እንደዚህ።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ሙሉ ለሙሉ፣ በጎን ሳይሆን። እንደዚያ የሚያስፈራ አቀማመጥ አይቼ አላውቅም። «ይኼን ነው የምትፈልገው?»

ዓይኔን ወደ ሰሌዳው መለስኩ።

«ስንት ደንብ ጻፍክ» አለች ቀስ ብላ። «ለሚያነጥስ ጻፍክ፣ ለፍየል ጻፍክ። እኔ እየሳልኩ እጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አትሂጂ ብለኸኝ አታውቅም።»

«ደንቡ ላይ አለ።»

«ደንቡ ላይማ ለሁሉም ነው።»

በጊዜው ብዬው ቢሆን ትቀር እንደነበር ልጠይቃት ፈለግሁ። አልጠየቅኋትም። ፈረሱን አየሁት፤ አንድ እግር ብቻ ነው ያለው። ብዕር አነሳሁ።

የጠፋውን ቃል ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ሰው ከጨዋታ መሐል ተነስቶ ሲሄድ ለሚቀሩት የሚላት፣ እዚህ ያደገ ሁሉ ከቋንቋው ጋር የሚማራት ቃል ናት። ጻፍኩት፦ «ጨዋታ የሚያልቀው የምትሄደዋ የሚቀረውን ‹ተጫወት› ስትለው ነው።»

ስንዱ አነበበችው። ጣቷን «የሚቀረውን» የሚለው ላይ አሳረፈች።

«ይኼኛው ወንድ ነው» አለች።

«አዎ።»

«በመጽሐፉ ሙሉ አንድ ወንድ።»

«አንድ።»

ሳቀች፤ ቀልዱን እስክጨርሰው ጠብቃ። ከዚያ ወረቀት አወጣች። እጄን ዘረጋሁላት፤ እንደ ልማዳችን። ገፋ አደረገችው። «እጅህን አይደለም። ዝም ብለህ ተቀመጥ።» ወደ በሩ ሄዳ ደፉ ላይ ቆመች፤ ከዚያ ሆና ሳለችኝ። የሚሄድ ሰው ዞር ብሎ የሚያየውን ነው የሳለችው፦ ጠረጴዛ፣ ሰሌዳ፣ አንድ የተቀመጠ ሰውዬ። መዳፍ የምታህል ሥዕል ናት። ሰውየው እኔን ይመስላል፤ ትንሽ ያረጀ ነው።

ሊቀ ጨዋታ ማኅተማቸውን አደረጉ፣ ጠረጴዛ ሳይፈልጉ፣ በቀጭኑ ሰውዬ ጀርባ ላይ። ቃሉን ሲያነቡት እንባቸው መጣ። «ይህች ናት! ይህች ነበረች!» ወደ ሰውየው ዞሩና፣ ደንቡ ሂያጁን በሴት ስለሚጠራ ትንሽ ራሳቸውን አስተካክለው፣ «በል እንግዲህ፣ ተጫወት» አሉት። ሰውየው እጅ ነሳ። ሊቀ ጨዋታ እየሮጡ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ እዚህ የሚሄድ ሁሉ ሴት ነው፣ የሚቀር ሁሉ ወንድ ነው፤ የሕግ ተማሪዎች ይህንንም ይማሩታል።

ቃሉ ከቤት ቤት ሲዛመት ይሰማኝ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቤት፣ ከለቅሶ ቤቱ፣ ከወንዙ ዳር። «ተጫወት»፣ «ተጫወት»፣ እያለ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ገባ። በሮች ተዘጉ። እትዬ ጥሩወርቅ ከሩቅ ሰፈር ሆነው ሲጮኹት ድምፃቸውን ለየሁት፤ ሃያ ዓመት የተጠራቀመ «ተጫወት» ነበር።

ስንዱ ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አደረገች። የበቅሎዎቹ ቃጭል ከበሩ በኩል ተሰማ። ከሰል የነካው ጣቷን ጉንጬ ላይ ጠረገችው፤ ይሁን ብላ ይሁን ሳታስበው አላውቅም።

«በል ናሁ» አለችኝ። «ተጫወት።»

«እሺ» አልኳት።

ከማን ጋር እንደሆነ ደንቡ አይናገርም።